ጣሪያ፣ ግድግዳና ግምት፦ የመርካቶ ቤት ስንት ያወጣል?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ተቃጠለ። ሲነጋ የቀረው የተጣመመ ቆርቆሮ፣ የጠቆረ ግድግዳና አመድ ነበር። ስንቱ ነጋዴ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በአንድ ሌሊት አጣ። በከተማው የተናፈሰው ወሬ ግን ስለ ወደመው ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ «ቦታውስ ምን ሊደረግ ይሆን?» የሚለውም አብሮ ተናፈሰ። አመዱ ሳይቀዘቅዝ ሰው ስለ ቦታው መጠየቁ መርካቶን ለሚያውቅ አይገርምም። እሳት ጣሪያና ግድግዳ ይበላል፤ ቦታውን አይበላም። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ዋናው ሀብት ቦታው ነው።

የሚገርመው ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ባለቤት በየዓመቱ ወረፋ ይዞ የሚከፍለው ግብር በሕዝቡ አፍ «የጣሪያና ግድግዳ ግብር» ይባላል። ከጎኑ «የቦታ ኪራይ» የምትባል አነስተኛ ክፍያ አለች፤ እሷን ግን ብዙ ሰው ለይቶም አያውቃት። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ መንግሥት ከልቡ ሲገምትና ሲያስከፍል የኖረው የሚቃጠለውን ነው ማለት ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ይህን ሊቀይር ነው የመጣው። ቦታውንም ቤቱንም በገበያ ዋጋ ይገምታል። ብዙ ሰው «ስንት ልከፍል ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ወደ ታች ሒሳቡ ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን የመርካቶ ቦታ ዋጋ ከየት እንደመጣና እስከ ዛሬ ማን ሲበላው እንደኖረ ማየት ያስፈልጋል። ያለዚያ ሒሳቡ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መርካቶ ሳትኖር ገበያው አራዳ ነበር፤ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ገበሬና ሲራራ ነጋዴ እህሉን፣ ማሩን፣ ቅቤውን፣ አሞሌ ጨውን እዚያ ያራግፍ ነበር። መንግሥት ከዚያ ገበያ ድርሻውን የሚወስደው ከቤት ሳይሆን ከሸቀጥ ነው። ነጋድራሱ የገበያው ሹም ነበር፤ ቀረጥ ይሰበስባል፣ ነጋዴና ነጋዴ ሲካሰስም ይዳኛል። ሥልጣኑ ቀላል አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ናቸው።

ቦታ በወረቀት መያዝ የጀመረውም በዚያው ጊዜ ነው። ከተማዋ ስትቆረቆር ንጉሡ ለመኳንንቱ ሰፋፊ ሰፈር ሰጥተው ነበር፤ እያንዳንዱ ሹም ሎሌውንና ወታደሩን ይዞ በየሰፈሩ ሰፈረ። የዛሬዎቹ የ«እገሌ ሰፈር» ስሞች የመጡት ከዚያ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በወጣው የቦታ ደንብ ግን የከተማ ቦታ የሚሸጥ፣ የሚለወጥ፣ የሚወረስ የግል ንብረት ሆነ። የውጭ አገር ሰውም መግዛት ቻለ። አዲስ አበባ ያኔ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት ድንኳን የሚበዛባት ከተማ ነበረች።

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ገባ። ዕቅዱ ከተማዋን በቆዳ ቀለም መክፈል ነበር። አራዳና አካባቢው ለነጩ፣ «ለአገሬው» ደግሞ በስተ ምዕራብ አዲስ ሰፈር። ስሙም አዲስ ከተማ ተባለ። ገበያውም ከጊዮርጊስ ሥር ተነስቶ ወደዚያ እንዲሄድ ተደረገ። «መርካቶ» ማለት በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። «መርካቶ ገበያ ሄድኩ» የሚል ሰው «ገበያ ገበያ ሄድኩ» ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ገበያው ወደዚያ የሄደው ቦታው ውድ ስለነበረ አይደለም። ሄዶ ነው ያስወደደው። ጣሊያን አገሬውን ከመሀል ለማራቅ የመረጠው ዳርቻ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የአገሪቱ ውዱ መሬት ሆነ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ የዘር አጥሩ ፈረሰ፤ ገበያው ግን ወደ አራዳ አልተመለሰም። የጉራጌው ነጋዴ፣ የየመኑ አረብ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሁሉ እዚያው ከረመ። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው በመካከላቸው ገበያው ተስፋፋ።

የመርካቶ አሠራር የሚታወቀው በ«ተራ» ነው። ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ፤ እህል በረንዳና በርበሬ በረንዳም እንዲሁ። ከመርካቶ ውጪ ያለ ሰው «አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች እንዴት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ? ገበያ አይሻሙም ወይ?» ሊል ይችላል። ይሻማሉ። ግን ገዢው ከደብረ ማርቆስም ከጅማም የሚመጣው አንድ መቶ ሱቅ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያገኝ ነው። ስለዚህ የአንዷ ሱቅ ዋጋ የተሠራው በዘጠና ዘጠኙ ጎረቤቶቿ ነው። ባለቤቱ በሩን ቀለም ቢቀባም ባይቀባም፣ ጣሪያው ቢያፈስም ባያፈስም ዋጋዋ ያው ነው።

ይህን ነገር የዓለም የምጣኔ ሀብት ሰዎች ቀደም ብለው አይተውታል። አሜሪካዊው ሄንሪ ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳተመው መጽሐፉ የቦታ ዋጋ የሚያድገው በባለቤቱ ጥረት ሳይሆን በዙሪያው ባለው ሕዝብ ነው፤ እንግዲያው መንግሥት ግብር የሚጥል ከሆነ ሰው በላቡ በሠራው ቤት ላይ ሳይሆን በቦታው ላይ ይጣል ብሎ ተከራከረ። (በእኛ አቆጣጠር 1879 አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዘመን ነው፤ የቁጥር ግጥምጥሞሽ እንጂ ሌላ ዝምድና የላቸውም።) ሰውዬው መርካቶን አላያትም፤ ቢያያት ግን ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም ነበር።

በኃይለ ሥላሴ ዘመን መንግሥት ወደዚህ ሐሳብ በመጠኑ ተጠግቶ ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ከተሞች በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ክፍያ እንዲጥሉ ሥልጣን ሰጠ። ችግሩ ባለ ሀብቱ ማን እንደነበረ ነው። የከተማው ቦታ በአብዛኛው በመኳንንቱ፣ በባላባቱና በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። ግብር የሚወስነውም ግብር የሚከፍለውም ያው ወገን ሲሆን ግብሩ የት ሊደርስ ይችላል? የመርካቶ ነጋዴ በብዛት ተከራይ ነበር። ሠርቶ ያገኘውን ለባለቤቱ ይከፍላል፤ በዕቁብ አጠራቅሞ አንድ ቀን የራሱን ለመግዛት ይመኛል።

ያ ቀን ለብዙዎች አልመጣም። በሌላ መንገድ ግን መጣ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጀ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለቦታውም ካሳ የለም ተባለ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይያዝ፣ የሚያከራየው ትርፍ ቤት ይወረስ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩም ወዲያው ወረደ፤ እስከ 300 ብር የሚከራዩት ቤቶች ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰላቸው፣ ትልቁ ቅናሽ ለደሃው ነበር። በዚያ ክረምት የተከራይ ቤት ሁሉ ሰርግ ቤት መስሎ ነበር ማለት ይቻላል። በአንድ አዳር የኪራይ ጭንቀት የተነሳለት ሰው ብዙ ነው፤ ይህ መካድ የለበትም።

በዓመቱ ሌላ አዋጅ ተከተለ፦ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968። የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚባለው ይኸው ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ቤቱ ቢከራይ በዓመት ስንት ያወጣል ተብሎ ይገመታል፤ ከዚያ ግምት ላይ ከ1 እስከ 4.5 በመቶ ግብር ይከፈላል። በወር 50 ብር ያወጣል የተባለ ቤት በዓመት 600 ብር ይሆናል፤ አንድ በመቶው 6 ብር ነው። ቦታው የመንግሥት ስለሆነ ደግሞ በካሬ ሜትር የሚታሰብ የቦታ ኪራይ ይጨመርበታል።

በ1968 ዓ.ም. 6 ብር ገንዘብ ነበር። አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበርና ወደ ሦስት ዶላር ይጠጋል። ግብሩ የቆመው ግን በኪራይ ግምት ላይ ነው፤ የኪራይ ግምቱ ደግሞ ለአስርት ዓመታት የረባ ማሻሻያ አልተደረገለትም። ደርግ ወደቀ፤ በ1985 ዓ.ም. ብር ከ2.07 ወደ 5 ወረደ፤ ከዚያም እየተንሸራተተ ሄደ። 6 ብሩ ግን 6 ብር እንደሆነ ኖረ። ዛሬ አንድ ስኒ ቡና አያስጠጣም።

ኪራዩም እንደዚሁ ቆመ። መርካቶ ላይ የታየው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መንግሥት ኪራዩን አቆመው እንጂ ገበያውን አላቆመውም። ገበያው ሱቋን በወር ብዙ ሺህ ብር ያወጣል፤ ቀበሌው የሚሰበስበው መቶ ብር አይሞላም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አየር ላይ አይቀርም፤ የሆነ ሰው ኪስ ይገባል። መጀመሪያ የቀበሌ ውል በስሙ ያለው ሰው ራሱ እየነገደ ተጠቀመበት። ቆይቶ ሲያረጅ ወይ ሲደክመው ለሌላ አከራየ፤ ያም ለሌላ። ቁልፍ በገንዘብ ተላለፈ። አንዲት ሱቅ ሦስት ሰው ኖራት፦ በወረቀት ባለቤት የሆነው መንግሥት፣ በውል ተከራይ የሆነው ስመ ጥር ሰው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ነጋዴ። መንግሥት ሳንቲም ያገኛል፣ ነጋዴው ሙሉ የገበያ ኪራይ ይከፍላል፣ መካከል ያለው ትርፉን ይወስዳል። የ1967ቱ አዋጅ ባላባቱን ከመርካቶ አስወጣ፤ የባላባቱን ወንበር ግን አላነሳም። ሌላ ሰው ተቀመጠበት።

ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ብዙው የቀበሌ ቤት ባለ ውል ራሱ ደሃ ነው፤ የሱቅ ኪራዩ ባይኖር የሚበላው የሌለው ሽማግሌና ባልቴት ሞልቷል። ቀበሌውም በምትሰበሰበው ሳንቲም ጣሪያ መጠገን፣ ሽንት ቤት መሥራት አልቻለም። ሰፈሩ የዛገ ቆርቆሮ የለበሰው ደሃ ስለሆነ አይደለም። ገንዘቡ በሰፈሩ ያልፋል፤ ጣሪያው ላይ ግን አያርፍም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው መንግሥት ቦታውን ለግል አልመለሰም። ሊዝ አመጣ። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ቁጥሩ 80/1986 ነው፤ የጣሪያና ግድግዳውም ቁጥር 80 መሆኑ ታሪክ አንዳንዴ ቁጥር እንደሚያልቅባት ያስመስላል። ሐሳቡ መንግሥት ቦታውን በጨረታ አከራይቶ ዋጋውን በቀጥታ ይውሰድ የሚል ነው። በ2007 ዓ.ም. አካባቢ መርካቶ ዙሪያ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ የቀረበበት ጨረታ ተሰምቶ አገር ጉድ ብሏል። አንድ ካሬ ማለት አንድ ሰው እግሩን አጥፎ የሚቀመጥበት ነው።

ሊዝ የነካው ግን አዲስ የሚሰጠውን ቦታ ነው። ነባሩ ይዞታ እንዳለ ቀረ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ በሽያጭ ሲተላለፍ ገዢው ወደ ሊዝ እንዲገባ ደነገገ፤ በውርስ የሚተላለፈው ግን አልተነካም። እዚህ ላይ አንድ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ጉዳይ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው ቤቱ ነው። እናም ሰዎች ውል ሲዋዋሉ «ቤቴን ሸጫለሁ» ብለው ይፈርማሉ። ቤቱ ምንድን ነው? የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተሰነጠቀ ወለል። ዋጋው ስንት ነው? ብዙ ሚሊዮን። ገዢው በማግስቱ ምን ያደርጋል? ያፈርሰዋል። ሚሊዮኖቹ የተከፈሉት ለጣሪያውና ለግድግዳው እንዳልሆነ ሻጩም፣ ገዢውም፣ ውሉን ያጸደቀውም ያውቃል። ሕግ ዋጋ የለውም ያለው ቦታ በሕግ ፊት ሲሸጥ ኖሯል።

አሁን ወደ ግምት እንምጣ። መርካቶ ውስጥ «ግምት» ቀላል ቃል አይደለም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ገማች ኮሚቴ በየሱቁ ዞሮ «የቀን ገቢህ ይህን ያህል ነው» ሲል፣ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ብር በታች ነው የተባሉት የደረጃ ሐ ነጋዴዎች ሱቅ ዘጉ። መርካቶን ጨምሮ በአዲስ አበባ አንዳንድ ሰፈሮችና በኦሮሚያ ከተሞች የነበረው ቁጣ ከግብሩ መጠን ይልቅ በአገማመቱ ላይ ነበር፦ ማን ገመተ? በምን ለካ? ጎረቤቴ ለምን አነሰለት? በኅዳር 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥጥር ሳቢያ ሱቆች ሲዘጉም የተነሳው ጥያቄ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የቤት ግብሩም ላይ ይኸው ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ለዓመታት ተኝቶ የኖረውን የኪራይ ግምት በአዲስ ጥናት ከፍ አደረገው። በመቶዎች ይከፍል የነበረ ሰው በሺዎች ተጠየቀ። እናት ፓርቲ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። የክርክሩ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ መጣኔው ሳይነካ ግምቱን ብቻ በማሳደግ ግብርን በብዙ እጥፍ መጨመር ይቻላል ወይ? ይህስ የአስተዳደር ሥራ ነው ወይስ ሕግ አውጪው ሊወስነው የሚገባ?

ግምትን ለአርባ ዓመት አስተኝቶ በአንድ ቀን መቀስቀስ የአዲስ አበባ ብቻ ችግር አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቤተሰቦች የሚከፍሉት የአካባቢ ግብር እስከ ዛሬ የሚሰላው ቤታቸው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1991 ሊያወጣ ይችል በነበረው ዋጋ ነው። የመጣው መንግሥት ሁሉ እንደ አዲስ መገመትን ይፈራል፤ የሚጨመርበት ሰው ይጮሃል፣ የሚቀነስለት ዝም ይላል። በካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ሕዝቡ ራሱ በድምፁ የንብረት ግብርን 1 በመቶ ላይ ገደበው፤ ግምቱም ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ አደረገ። ውጤቱ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ጎን ለጎን ካሉ ተመሳሳይ ሁለት ቤቶች ቀድሞ የገዛው ትንሽ፣ ዘግይቶ የገዛው ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ቀድሞ የገባው ርካሽ፣ የዘገየው ውድ የሚከፍልበትን ሥርዓት የመርካቶ ሰው ሳይነግሩት ያውቀዋል።

የአሁኑ አዋጅ ምን ይላል? የንብረት ታክስ የመጣል ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ በግልጽ ለማንም ስላልተሰጠ፣ በአንቀጽ 99 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ለክልሎች ሰጡት። የፌዴራሉ አዋጅ ደግሞ ጣሪያና ወለሉን አበጀ። ለመሬት መጠቀሚያ መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ። የሚሰላውም በሙሉ የገበያ ዋጋ ላይ ሳይሆን በ25 በመቶው ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ለሒሳቡ ብቻ፣ ከመርካቶ ወጣ ብሎ አማኑኤል አካባቢ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት እንውሰድ። ቦታው 8 ሚሊዮን ብር፣ ቤቱ ራሱ 200 ሺህ ብር ተገመተ እንበል። የቦታው 25 በመቶ 2 ሚሊዮን ነው፤ በዝቅተኛው መጣኔ 4,000 ብር፣ በከፍተኛው 20,000 ብር በዓመት። የቤቱ 25 በመቶ 50 ሺህ ነው፤ በዝቅተኛው 50 ብር፣ በከፍተኛው 500 ብር። ሁለቱን አስተያዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግብሩ ጣሪያና ግድግዳውን ትቶ ዋጋው ወዳለበት ሄደ። በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነው። ቤቱን ያሳመረና ያደሰ ሰው ብዙ አይቀጣም፤ ውድ ቦታ አጥሮ ያስቀመጠ ይከፍላል። ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለው አምስት እጥፍ ልዩነት ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ውሳኔ ምን ያህል እንደሚመዝን ያሳያል። በወር ጥቂት ሺህ ብር ጡረታ ለምታገኝ እናት 4,000 ብርና 20,000 ብር አንድ አይደሉም።

ነገሩ የሚጠነክረው እዚህ ነው። እኚህ እናት በወረቀት ባለ ሚሊዮን ናቸው፤ በእጃቸው ግን ብር የለም። ቤቱን ቢሸጡ ሌላ የሚገቡበት ቤት ያው ሚሊዮን ይጠይቃቸዋል። ዋጋው ያደገው እሳቸው ስለ በለጸጉ አይደለም። ከፊሉን ሰፈሩ ሠራው፤ ይሄኛው ዕድገት እውነተኛ ነው። ከፊሉ ግን የብር መውረድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ነጋዴው ምን ያድርግ? ትርፉን ባንክ ቢያስቀምጠው ይሟሟል። ስለዚህ ሱቅ ገዛበት፣ ቤት ገዛበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ፤ ቤትና ሱቅ የያዘ «እንኳን ገዛሁ» አለ። የአዲስ አበባ የቦታ ዋጋ ውስጥ የገበያው ሙቀት ብቻ ሳይሆን የብር ፍርሃትም አለ። በገበያ ዋጋ መገመት ማለት ሁለቱንም አብሮ መገመት ነው።

ሌላው ጥያቄ ያቺ ባለ ሦስት ሰው የመርካቶ ሱቅ ናት። የንብረት ታክስ የሚጠየቀው በካርታው ላይ ስሙ ያለው ነው። የቀበሌ ቤት ውል የያዘ ሰው ካርታ የለውም። እንግዲህ የአማኑኤሏ ጡረተኛ ካርታ ስላላቸው ይከፍላሉ፤ መርካቶ መሀል ላይ የመንግሥት ሱቅ ተከራይቶ በብዙ እጥፍ የሚያከራየው ሰው ከዚህ ግብር ውጪ ነው። በሕግ እሱን የሚመለከተው የኪራይ ገቢ ግብር ነው፤ ያለ ውል በቃል የተከራየ ሱቅ ላይ ግን የኪራይ ገቢን ማን ያገኘዋል? የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በ2011 ዓ.ም. የንግድ ቤቶቹን ኪራይ በብዙ እጥፍ ከፍ ሲያደርግ ይህን ክፍተት መዝጋት እንደ አንድ ምክንያት ይታይ ነበር። ጫናው በመጀመሪያ የተሰማው ግን ራሱ ለሚነግደው ተከራይ ነው።

«ነጋዴ ምን ቸገረው፣ ዋጋ ላይ ይጨምረዋል» የሚል አለ። ግማሹ እውነት ነው። መርካቶ የአገሪቱ ጅምላ ገበያ ስለሆነች እዚያ የጨመረ ወጪ ደብረ ማርቆስም ሆነ ሆሳዕና ሱቅ ድረስ ይዘልቃል። ሆኖም ሁሉም ግብር እኩል አይተላለፍም። የሱቁ ባለቤት ዱሮም ነጋዴው ሊከፍል የሚችለውን የመጨረሻ ኪራይ ነው የሚጠይቀው፤ ቦታው ላይ ግብር ስለተጨመረበት ብቻ ተከራዩ ከዚያ በላይ የሚከፍልበት አቅም አያመጣም። ስለዚህ የቦታ ግብር በአብዛኛው ከባለ ቦታው ኪስ ይወጣል፤ በሽያጭ ላይ የሚጣለው ግብር ግን ለገዢው ይተርፋል። የሳሙና ዋጋ የሚያስጨንቀው ሰው የትኛው ግብር የማንን ኪስ እንደሚነካ ለይቶ ቢያይ ይጠቅመዋል። ችግሩ መርካቶ ላይ ባለ ቦታው ማን እንደሆነ ወረቀቱ አለመናገሩ ነው።

ገማቹ ሜትሩን ይዞ በር ሲያንኳኳ ባለቤቱ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ቦታውና ቤቱ ለየብቻ ተገመቱ ወይስ በአንድ ላይ? የገበያ ዋጋው የየትኛው ዓመት ነው፣ ብር ከመውረዱ በፊት ወይስ በኋላ ያለው? ለንጽጽር የተወሰዱት የትኞቹ ሽያጮች ናቸው፣ ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ነው ወይስ በእጅ የተከፈለው? ስሌቱ በ25 በመቶው ላይ መሆኑስ ወረቀቱ ላይ ይታያል? የጎረቤቱ ግምት ስንት ሆነ? በግምቱ ያልተስማማ ሰው ቅሬታ ማቅረብ ይችላል፤ ቅሬታው የሚጠነክረው ግን «በዛብኝ» ሲል ሳይሆን ከእነዚህ የአንዱን መልስ በጽሑፍ ይዞ ሲሄድ ነው። የከፈለበትን ደረሰኝም አይጣለው፤ በ1968ቱ አዋጅ የከፈሉ ሰዎች ደረሰኝ ዛሬም ይዞታን ለማስረዳት ከየሻንጣው ይወጣል።